ቅቤዋ የለበሰችው ላስቲክ እንዲነሳ

ቀን፦ 14/12/15

ለተያዙ ተሽከርካሪዎች ማቆያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በግቢያችሁ ሜዳ ላይ የቆመችው የባለቤቴ አሮጌ መኪና የተጠቀለለችበት ላስቲክ ተነስቶ አየር በሚያስወጣ ሸራ እንድትሸፈን ስለማመልከት፤ እንዲሁም ከዚህ በፊት የጻፍኩት ሦስተኛ ደብዳቤ የምስጋና ደብዳቤ አለመሆኑን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ የማቀርበው አራተኛ ማመልከቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤታችን አርመውልኝ ነበር። ይህንን ግን ለማንም ሳላሳይ ራሴ ስለጻፍኩት፣ አንዳንድ ቦታ ቃሌ ቢሻክር በዕድሜዬና በድካሜ ያሳልፉልኝ። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሥራዬ ሸራ ስፌት ነው፤ የጭነት መኪና ሸራ፣ የሱቅ በር ጥላ፣ የድንኳን ጣሪያ እሰፋለሁ። ባለቤቴ የመኪና መካኒክ ነበር። «ነበር» የምለው ሞቶ አይደለም፤ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ካለው ሁለት ዓመት ስላለፈው ነው።

ፋይሉ የእኔን ጉዳይ «ተፈጽሟል» እንደሚል አውቃለሁ። አንድ ጊዜ የተዘጋ ፋይል በአንዲት ሸራ ሰፊ ደብዳቤ ይከፈታል ብዬም ብዙ አልጠብቅም። ቢሆንም የሆነውን ሁሉ ከሥሩ ጀምሬ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

1. መኪናዋ አርባ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ባለ አራት በር የቤት መኪና ናት። ቀለሟ ቅቤ ስለሚመስል የሰፈራችን ሰው «ቅቤዋ» ይላታል። ባለቤቴ ያገኛት ሰው ጓሮ ውስጥ ነው፤ ዶሮ ያድርባት ነበር። ጎትቶ አምጥቶ፣ በእረፍት ቀኑ እየሠራ፣ በስድስት ዓመቱ አስነሳት። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ከእሷ ጋር የዋለውን ያህል ከእኔ ጋር አልዋለም፤ ይህንን ስጽፍ አሁንም ትንሽ ይከነክነኛል። ይሁን እንጂ የወንበሮቿን ልብስ የሰፋሁት እኔው ነኝ። ልጃችንን ልወልድ ሐኪም ቤት የሄድኩትም በእሷ ነው፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማብን ነበር። ባለቤቴ ኮፈኑን ከፍቶ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ሲል ለእኔ ይሁን ለመኪናዋ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

2. በ22/9/13 ባለቤቴ እንደ ወትሮው አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ለዓመታዊ ምርመራ ወሰዳት። መርማሪው ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ የሞተሩ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ የፋብሪካ ባልሆነ ሪቬት፣ በማያያዣ ሚስማር፣ የተመታች ሆና አገኛት። ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የቀድሞው ሞተር ተሰንጥቆ አልጠገን ስላለ፣ ባለቤቴ ከተጋጨች ተመሳሳይ መኪና ላይ ሌላ ሞተር ገዝቶ ገጠመላት። ሞተሩ ሲቀየር ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር እንዳይጣላ ብሎ የድሮውን ሞተር ቆርቆሮ ነቅሎ፣ አጽድቶ፣ አዲሱ ላይ በሪቬት መታው። ይህ ወንጀል መሆኑ በሕልሙም አልመጣለትም፤ እስከዚያ ቀን በየዓመቱ ምርመራም ልብ ያለው አልነበረም። በእሱ ቤት ንጹሕ ሥራ መሥራቱ ነበር። መርማሪው «ይህን ማን ነው የመታው?» ብሎ ሲጠይቀው የተመሰገነ መስሎት «እኔ ነኝ፤ ምን ይወጣለታል?» አለ። ሌላ ሰው ቢሆን አላውቅም ይል ነበር። እሱ ግን ሪቬቶቹ እንዴት እኩል እንደተሰለፉ ጣቱን እየጠቆመ ማስረዳት ጀመረ። ማስረዳቱን ሳይጨርስ መኪናዋ ተያዘች።

የቴክኒክ ኮሚቴ መርምሮ እስኪወስን በግቢያችሁ ትቆያለች ተባለ። ኮሚቴው ሦስት አባላት ነበሩት። አንዱ ተዛወሩ፣ ሁለተኛው ጡረታ ወጡ። ሦስተኛውን አግኝቼ ስለምናቸው «እናቴ፣ እኔ ብቻዬን ኮሚቴ መሆን አልችልም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ መኪናዋ ትመለስልኝ የሚለውን ጥያቄ ትቼዋለሁ፤ በዚህ ደብዳቤም አላነሳውም።

3. መኪናዋ በተያዘች በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ባለቤቴ ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ። የአንጎል የደም ሥር ነው ተባለ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተያዘ። ቃል ሲፈልግ ግማሹን አግኝቶ ግማሹ ይጠፋዋል። የሚገርመው ግን ስድብ ሲሆን አንዲት ፊደል አትጎድልበትም። የምታክመው ሐኪም እንዲህ ያለ ሕመም የያዘው ሰው ላይ የተለመደ ነው ብላናለች። በቤታችን ውኃ ለመጠየቅ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ውኃው ሲዘገይ የሚወርድብኝ ውርጅብኝ ግን ጥርት ያለ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አለቅስ ነበር። አሁን ሲሰድበኝ ደስ ይለኛል፤ ያኔ ብቻ ነው ድሮ የማውቀውን ድምፅ የምሰማው።

4. በዚህ ሁሉ መሐል ሐሳቡ ከቅቤዋ ላይ ተነስቶ አያውቅም። በተያዘችበት ቀን ከግቢያችሁ ጀርባ ያለውን ትልቁን ባለ ጣሪያ መጋዘን አይቶ ነበርና፣ ቤት ሲመለስ «መቼም እዚያ ያስገቧታል» ብሎኝ ነበር። ከወደቀ በኋላ በመጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እሷ ነው። ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ግማሽ ፊቱ ወርዶ፣ እንዴት ብዬ ሜዳ ላይ ናት ልበለው? «አስገብተዋታል» አልኩት። ውሸቱ የተጀመረው ያን ቀን ነው፤ እነሆ እስከ ዛሬ እየመገብኩ አሳደግኩት።

ቤታችን ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ መጣሉን ልደብቀው አልችልም። ጠዋት ሲነሳ በግራ እጁ ጣሪያውን ያሳየኛል። «ዘንቧል፤ እሷ ግን መጋዘን ውስጥ ናት» እለዋለሁ። ከዚያ ትእዛዙ ይጀምራል። ሁለት ጣቱን ያነሳል፤ መስኮቷን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጊላት፣ ታፍና እንዳትቀር ማለቱ ነው። «ከ... ከ...» ሲል ከሰል ነው፤ ከሰል በጆንያ አድርጌ ወንበሯ ሥር ማስቀመጥ አለብኝ፣ እርጥበቱን እንዲጠጣ። ጎማዋ መሬት ነክቶ እንዳይበሰብስ ብሎኬት ላይ ትነሳ። የሚያብረቀርቀው ብረቷ ግሪስ ይቀባ። በሮቿ ሥር ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ይጎርጎሩ። አይጥ እንዳይገባ የጭስ ማውጫዋ በጨርቅ ይወተፍ። እርጥብ ሆና ከቶ እንዳትሸፈን፤ ላስቲክ የሚባል ነገር ደግሞ አጠገቧ እንዳይደርስ። «ላስቲክ» ሲል ከቃሉ ኋላ ስድብ ስለሚያስከትል ሁለቱም ጥርት ብለው ይወጣሉ። መኪናን ዝናብ አይገድላትም፣ የሚገድላት መውጫ ያጣ እርጥበት ነው የሚለውን ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። እኔም ይህን ሁሉ እንደፈጸምኩ እነግረዋለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ከቤት ወጥቼ እመለሳለሁ፤ መንገድ ላይ ምን ምን ሠራሁ እንደምለው አጠናለሁ። አንድ ጊዜ ቤት ያለው ግሪስ ካለቀ በኋላ ምኑን እንደቀባሁላት ጠይቆ ሊይዘኝ ነበር።

5. በ6/11/13 ባቀረብኩት የመጀመሪያ ማመልከቻ መኪናዋ ወደ መጋዘኑ እንድትገባ ጠየቅኩ። በሃያኛው ቀን «መጋዘኑ በጽሕፈት ቤቱ ንብረት የተያዘ ስለሆነ ጥያቄዎን ለማስተናገድ አንችልም» የሚል መልስ ደረሰኝ። በሩ ገርበብ ባለበት ቀን አይቼዋለሁ። እግር የሌላቸው ጠረጴዛዎች፣ መሳቢያ የሌላቸው ካቢኔቶች፣ መቀመጫቸው የወደቀ ወንበሮች እስከ ጣሪያው ተከምረዋል። አንድም እርጥበት አልነካቸውም። ወንበር ብሆን ይሻለኝ ነበር ብዬ ተመለስኩ።

6. ሁለተኛውን ማመልከቻ ከማቅረቤ በፊት ለቅቤዋ ልብስ ሰፋሁላት። ልኳን መለካት አላስፈለገኝም፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ከላይ ሰም የጠጣ ሸራ፣ ከውስጥ ቀለሟን እንዳይቧጭር ለስላሳ ጥጥ አደረግኩበት። በሁለቱም ጎን ዝናብ የማያስገባ፣ እንፋሎት ግን የሚያስወጣ መተንፈሻ አበጀሁለት። ሠራተኞቻችሁ ለቆጠራ ሲመጡ እንዳይቸገሩ ብዬ የሰሌዳ ቁጥሯ የሚታይበት መስኮት አወጣሁለት። በሠላሳ አምስት ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ያለ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም።

በ19/10/14 ልብሱን ታቅፌ መጣሁ። የንብረት ክፍል ሠራተኛው፣ ሸራው ወደ ግቢ ከገባ ገቢ መሆን አለበት፤ ገቢ ከሆነ የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ይሆናል፤ የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ደግሞ በግለሰብ መኪና ላይ መዋል አይችልም አለኝ። ሦስት ጊዜ አስደግሜ ሰማሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ላይ ደረሰ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እንባዬ ሲመጣ ክቡርነትዎ ከቢሮ ወጡ። «እናቴ፣ ምን ሆነው ነው?» ብለው ማመልከቻዬን ተቀበሉኝ። ግድግዳው ላይ አስደግፈው በቀይ እስክሪብቶ «ከእኛው ንብረት ወጪ ሆኖ ይሸፈንላቸው» ብለው ጻፉበት። የማይቻለው ተቻለ። እንደ እርስዎ ያለ አለቃ ለእንደ እኔ ያለች ሴት ኮሪደር ላይ ቆሞ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም፤ ይህንን የምለው ከልቤ ነው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሸራ አልነበረውም። የነበረው ለሲሚንቶ መሸፈኛ የተገዛ ወፍራም ላስቲክ ነው። በ27/10/14 ሁለት የጉልበት ሠራተኞችና የግቢው ዘበኛ ሆነው መኪናዋን ከጣሪያዋ እስከ ሆዷ ጠቀለሏት። ጠዋት ዘንቦባት ገና አልደረቀችም ነበር። ዘበኛው መልካም ሰው ነው፤ ገመዱን ሰባት ቦታ ቋጥሮ፣ ላቡን ጠርጎ «እትዬ፣ ከእንግዲህ እንኳን ዝናቡ ነፋሱም አይደርስባት» አለኝ፤ ደስ ብሎት ነው የሚናገረው።

እኔ የሰፋሁላትን ልብስ እንደ ሕፃን ታቅፌ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አለቃው በገዛ ፈቃዳቸው ያደረጉልኝን፣ ሠራተኞቹ የደከሙበትን ነገር «ይህ አይሆንም» ብል ምን ይሉኛል አልኩ። ልመና መጥታ ደግሞ ታማርጣለች ይሉኛል አልኩ። ይሉኝታ ያዘኝ። ጎንበስ ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና ሄድኩ። የመካኒክ ሚስት ነኝ፤ እርጥብ መኪና በላስቲክ መታፈን ምን እንደሚያደርጋት ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። አውቄ ዝም አልኩ። የኮሚቴውንም፣ የመጋዘኑንም ነገር ችዬዋለሁ። ይህንን ግን አልቻልኩትም።

7. ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመጣ ላስቲኩ በውስጥ በኩል በውኃ ጠብታ ተሸፍኖ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ እንደተከደነ ድስት ታልባለች፤ ፀሐይ ስትገባ ያላበችው መልሶ ይንጠባጠብባታል። ዝናብ ያቆመበት ወር እንኳን ለእሷ ክረምት ነው። ሜዳ ላይ ራቁቷን ቆማ በነበረበት ዓመት የዛገችው በጣት የሚቆጠር ቦታ ነበር። ከተሸፈነች ወዲህ ግን የዛገውን መቁጠር ትቻለሁ።

8. በ11/2/15 ሦስተኛውን ማመልከቻ አቀረብኩ። ላስቲኩ ይነሳልኝ ብዬ በአንድ መስመር ጽፌ ለመምህሩ ሰጠኋቸው። መምህሩ አንብበው ደነገጡ። «አለቃ ያደረገልሽን ነገር እንዲህ በጥፊ አይመልሱትም፤ አስቀድመሽ አመስግኚ» አሉኝ። አብረን ሆነን ሦስት አንቀጽ ምስጋና ጻፍን። ጥያቄዬ መጨረሻ ላይ «ምናልባት ወደፊት አየር የማግኘቷ ነገር ቢታሰብበት» የምትል አንዲት መስመር ሆና ቀረች።

መልስ ስጠብቅ ወር አለፈ። መጥቼ ስጠይቅ የመዝገብ ቤቷ ልጅ በፈገግታ ተቀበለችኝ። «እማማ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶን አያውቅም፤ ሁላችንም አነበብነው» ብላ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ወሰደችኝ። ደብዳቤዬ በአራት መርፌ ተሰክቷል። በስተቀኙ ጠፍቶ ስለተገኘ ቁልፍ፣ በስተግራው ሲጋራ ማጨስ ስለመከልከሉ የሚናገር ወረቀት አለ። ቦታው ስላልበቃው ግርጌው ወደ ኋላ ታጥፏል። የታጠፈችው መስመር ጥያቄዬ ያለባት ናት። ፋይሉ ደግሞ «በጥያቄያቸው መሠረት ተፈጽሟል፤ አመልካቿም በጽሑፍ አመስግነዋል» ተብሎ ተዘግቷል። ልጅቷ ደስታዬን ለማየት ፊት ፊቴን ታየኛለች። ክቡር ሆይ፣ አሁንም አፈርኩ። እንዲያውም «ተባረኪ» ብያት ነው የሄድኩት። አንዳንዴ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

9. በ2/12/15 መጣሁ። ዘበኛውን ለምኜ የላስቲኩን ጫፍ ትንሽ ገለጠልኝ። በዚህ ምክንያት እንዳይቀጣብኝ አደራ እላለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የወጣው ሽታ ወደ ኋላ መለሰኝ። የሰፋሁት የወንበር ልብስ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። በሩ ሥር ያለውን ላሜራ በሌባ ጣቴ ነካ አደረግኩት፤ ጣቴ አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። አልገፋሁትም፣ ነካሁት እንጂ። ዘበኛው አየና «ውይ» ብሎ ላስቲኩን መልሶ ጣለው። ገመዱን እንደገና ሲቋጥር ቀና ብሎ አላየኝም።

ጣቴን በቀሚሴ ጠረግኩና ወደ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ እጄን ያዘ። ጥፍሬ ሥር የቀረ ቀይ ነገር አይቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። አርባ ዓመት መኪና የሠራ ሰው ዝገትን በሽታው ያውቀዋል። የመጋዘኑን በር ስከፍት ነው አልኩት፤ በሩ አሮጌ ነው አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ጣቱን ዓይኑ ላይ አደረገና በሩን ጠቆመ። ልይ ማለቱ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት ለመውጣት አሻፈረኝ ያለ ሰው ነው። ሰው እንዲህ ሆኜ አያየኝም እያለ ፀሐይ እንኳን አይሞቅም። ልጃችን ይህንን ስትሰማ «እማዬ፣ አባዬ ልውጣ አለ እኮ!» ብላ እያለቀሰች አቀፈችኝ። እውነቱን ለእሷም አልነገርኳትም። ቤት እየመጣች የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና የምታሠራው ባለሙያ በተሽከርካሪ ወንበር መቀመጥ ይለማመድ አለች። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ነበር የሚችለው። ትናንት አንድ ሰዓት ተቀመጠ፤ ላቡ በአንገቱ እየወረደ፣ ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። አማቼ ከሥራ ባልደረባው ሰፊ መኪና ለምኖ ለ28/12/15 ጠዋት ቀጠሮ ይዟል። ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል። እኔ ብቻ ነኝ በቤቱ ውስጥ እየዞርኩ ዕቃ የምጥለው።

እውነቱን ለምን አልነግረውም ብዬ ራሴን ያልጠየቅኩ እንዳይመስልዎ። ሁለት ጊዜ አጠገቡ ተቀምጬ ጀምሬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ እሱ ቀድሞኝ ሁለት ጣቱን አነሳ። «አዎ፣ ዝቅ አድርጌላታለሁ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ከላይ በዘረዘርኩት ምክንያት የሚከተለውን በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ሀ. ላስቲኩ ከ27/12/15 በፊት እንዲነሳና እኔ ራሴ አንድ ቀን፣ ጠዋት ገብቼ ማታ እስከምወጣ፣ መኪናዋን ለማድረቅና ለመወልወል እንዲፈቀድልኝ። የሰፋሁት ሸራ ገቢ ይሁን ከተባለ ገቢ ይደረግ፤ የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ይሁን፤ አልጠይቅም። የበሰበሰው እንደማይመለስ አውቃለሁ። ቢያንስ የፊት ገጿ ገና አልተነካም። ባለቤቴን ከፊቷ አስቀምጬ ሸራውን እስከ ኮፈኗ ብቻ ብገልጥለት ምናልባት ያልፍልኛል።

ለ. በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ደብዳቤዬ እንዲነሳ። ወይም ግርጌው ተዘርግቶ እንዲለጠፍ። መልሳችሁን በቤት አድራሻችን እንዳትልኩብኝም እለምናለሁ፤ ባለቤቴ መናገር እንጂ ማንበብ አልተሳነውም። እኔ በአካል መጥቼ እወስዳለሁ።

ሐ. ሁለቱም የማይቻል ከሆነ፣ የማይቻል እንደሚሆንም ይታየኛል፤ ቀኑ አሥራ አራት ብቻ ቀርቶታል፤ የእኔ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ወደ ቢሮዎ ለመውጣት ብቻ ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። እንግዲያው ይህችን አንዲቷን ይፈጽሙልኝ። ይህች ኮሚቴም፣ ንብረትም፣ ቀይ እስክሪብቶም አትፈልግም። በ28/12/15 ጠዋት በአማቼ መኪና ሆነን በራችሁ ላይ ስንደርስ ዘበኛው እንዲከለክለን ይታዘዝልኝ። «ዛሬ ባለጉዳይ አይገባም» ይበለን። እኔ እጮኻለሁ፤ «የታመመ ሰው ይዘን መጥተን!» እላለሁ፤ ትለምናለች ልጄ፣ ይለምናል አማቼ። ማንም ቢለምነው አይክፈት። መልካም ሰው ነውና ልቡ እንዳይራራ አስቀድማችሁ አጠንክራችሁ ንገሩልኝ። ባለቤቴ ይሰድበዋል። ጽሕፈት ቤቱንም፣ ክቡርነትዎንም ጭምር ይሰድባል፤ ሁሉንም ቃል ጥርት አድርጎ ነው የሚናገረው። በፈጣሪ ስም ታገሱልን። እየተሳደበ ወደ ቤቱ ይመለስ። ተናዶ መኖር ይችላል።

በማክበር ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እንድንከለከል እማጸናለሁ።

ከሰላምታ ጋር

አመልካች፦ የመኪናዋ ባለንብረት ሚስት፣ ሸራ ሰፊዋ

ፊርማ ____________